የጥር ሰርጎች በደመና ላይ

እኛ ዘንድ «ኮምፒውተር ይሠራል» ተብሎ ስማችሁ አንዴ ከወጣ አለቀላችሁ። ሐኪም እንኳ ወሰን አለው፤ የጥርሱ ጥርስ፣ የዓይኑ ዓይን ያያል። የኮምፒውተር ሰው ግን ከፕሪንተር እስከ ማይክሮዌቭ ሁሉም ይመለከተዋል። ፈረንጅ አገር መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ጀምሮ ያልነካካሁት የጎረቤት ራውተር፣ ያልሞላሁት የዲቪ ፎርም የለም። እምቢ እንዳልል «ኮራ» እባላለሁ። ስለዚህ እሺ እላለሁ፤ እሺ ባልኩ ቁጥርም ጸጉሬ ይሳሳል።

ጋሽ ታደሰንም እሺ ያልኳቸው እንዲሁ ነው። ከእኛ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ያላቸው የሰርግና የክርስትና ፎቶ አንሺ ናቸው፤ ከሎረል እስከ ጀርመንታውን ኬክ ሲቆረስ ካሜራቸውን ደቅነው ያልቆሙበት ሰርግ ጥቂት ነው። ሥራቸውን ሁሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጠው በጫማ ካርቶን ያስቀምጡ ነበር። አንዱ ካርቶን ውሃ ገባበትና ደንግጠው ደወሉልኝ። «ለምን ደመና ላይ አንሰቅለውም?» አልኳቸው። ደመና የሚሉት ያው የሰው ኮምፒውተር ነው፤ በኢንተርኔት ተከራይታችሁ ዕቃችሁን የምታስቀምጡበት መጋዘን። ይህኛው መጋዘን ደግሞ በማውስ ጠቅ የሚደረግ ነገር የለውም። ፕሮግራም ጽፋችሁ «ይህን አስቀምጥ፣ ያንን አምጣ፣ ያኛውን ሰርዝ» ትሉታላችሁ፤ ለምን ሳይል ይፈጽማል። ዕቃው የሚገባበትን ቋት ባለሙያዎቹ «ባልዲ» ይሉታል። ይህ ለጋሽ ታደሰ አልጣማቸውም።

«ባልዲ ይደፋል» አሉኝ። «ስማ አንተ ልጅ፣ እኔ የጣልኩትን ነገር ከርሞ የምፈልግ ሰው ነኝ። ምንም ነገር ጨርሶ እንዳይጠፋ አድርግልኝ።»

እውነታቸውን ነው፤ የተበጠሰ የካሜራ ገመድ እንኳ አይጥሉም። ሳቅ ብዬ፣ ደስ ይበላቸው ብዬም፣ መጋዘኑ ላይ አንዲት ማስተካከያ ነካሁና ረሳኋት።

ዓመት አለፈ። በ2014 የካቲት ላይ፣ መቼም በፈረንጅ ነው የማወራው፣ ጋሽ ታደሰ «አምስት ዓመት ያለፈውን አጽዳልኝ፤ ባለቤቶቹ ከወሰዱት ቆይቷል» አሉኝ። ቀላል ነገር። የእያንዳንዱ ፋይል ስም ላይ ዓመቱ አለ። ዓመቱን አንብብ፣ ከ2009 በታች ከሆነ ሰርዝ። አርብ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቢሮዬ ተቀምጬ፣ ሳንድዊች በአንድ እጄ ይዤ ዐሥር መስመር ጻፍኩና ለቀቅኩት። ሳንድዊቹ ሳያልቅ ሥራው አለቀ። በራሴ ኮራሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሽ ታደሰ ደወሉ። «ቶሎ ና፤ የሄለን ሰርግ ጠፍቷል» አሉ።

ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ስቱዲዮው ደረስኩ። ሄለን ሀያትስቪል የምትኖር ነርስ ናት፤ እሷ ዜግነት አላት፣ ባሏ ዮናስ ግን ገና ግሪን ካርዱን እየጠበቀ ነው። ሁለቱም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«የግሪን ካርዱ ኢንተርቪው መንዴይ ጠዋት ነው» አለችኝ። «ሎየሩ የሰርግ ፎቶ የግድ ነው ብሎናል፤ የእኛ ዲቪዲ ሙቭ ስናደርግ ጠፋ። ሪል ማሬጅ አይደለም ካሉን እሱን ሊመልሱት ነው እኮ!»

ዮናስ ጣቱ ላይ ያለውን ቀለበት ያዞራል።

ላፕቶፔን ከፈትኩና መጋዘኑን «ያለህን ዘርዝር» አልኩት። ባዶ! የሄለን ብቻ አይደለም፣ የማንም የለም። ባለፈው ወር የተነሣው ጥምቀት ሳይቀር የለም።

«የሄለን ፋይል ስሙ ምን ነበር?» አልኳቸው ጋሽ ታደሰን።

«ጥር 2005፣ ሄለንና ዮናስ። ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?»

ጥር 2005 ማለት አምና ነው። ጋሽ ታደሰ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው በሀገራቸው አቆጣጠር ጽፈዋል፤ እኔ በፈረንጅ አንብቤ፣ አምና የተዳረችውን ልጅ ከተዳረች ዘጠኝ ዓመት ሞላት ብዬ ሰርዣታለሁ፤ በእኛ ገና 2006 ነውና ከሌላውም የተረፈ የለም። የሚያናድደው፣ በየመስከረሙ የቢሮ ሰዎችን ሰብስቤ «እኛ እኮ ዐሥራ ሦስት ወር አለን» እያልኩ የማሰለቻቸው እኔው ነኝ።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ «ኢንተርኔቱ ነው» ልል ዳር ዳር ብዬ ነበር። የዮናስ ቀለበት ግን መዞሩን አላቆመም። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ አልተቆጡም። «ጨርሶ እንዳይጠፋ አድርግ ብዬህ አልነበረም እንዴ?» አሉኝ ብቻ።

ያቺ ማስተካከያ! እሷ ከበራች መጋዘኑ «ሰርዝ» ሲባል ዕቃውን አይጥለውም፤ ክዳን ይደፋበትና የለም ይላል። ክዳኑን ማንሳት ነው። ሦስቴ ተሳስቼ በአራተኛው ጻፍኩት። የፋይሎቹ ስሞች አንድ በአንድ ይመለሱ ጀመር። ጥር 2005 ብቅ ስትል ሄለን እልል አለች፤ የፓስፖርት ፎቶ ሊነሣ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬም ነገሩ ሳይገባው አጨበጨበ። እኔ ወንበሩ ላይ ተዘረርኩ። እፎይታ እንዲህ የሚጣፍጥ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ጋሽ ታደሰ ፎቶዎቹን አጥበው፣ እንደ ልማዳቸው ከጀርባቸው «ጥር 2005» የሚል ማኅተም መትተው ሰጧቸው። ማናችንም ልብ አላልንም።

ሰኞ ከሰዓት ሄለን ደወለችልኝ። የኢሚግሬሽን ኦፊሰሯ ፎቶውን ገልብጣ አይታ «በ2005 አንተ ገና እዚህ አገር አልገባህም ነበር» ትለዋለች ዮናስን። እሱ ላብ እያጠመቀው «በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሰባት ዓመት ይጨምሩበት» ይላል። ሄለን ከጎኑ «ስምንት ነው እንጂ! ሰርጋችን ጥር ነው፤ ከጃንዋሪ በኋላ ስምንት ነው» ትላለች። ሰባት፣ ስምንት፣ ሰባት፣ ስምንት። በመጨረሻ ሄለን ወደ ባሏ ዞራ «አንተ መቼ ነው ሰምተኸኝ የምታውቀው?» ስትል ኦፊሰሯ ፎቶዎቹን ሰብስባ መለሰችላቸው። ባልና ሚስት መሆናቸውን ለማመን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም አለች።

እኔም ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሜ ላይ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ። «ሰርዝ» ባልኩት ቁጥር ቆም ይልና «በማን አቆጣጠር?» ይለኛል። እስካሁን ደፍሬ አልመለስኩለትም፤ የጋሽ ታደሰ አሮጌ ሰርጎችም ሁሉም በየቦታቸው አሉ።