እትዬ «ሲጠፋ አሳዪኝ»

የትኛውም የምርምር ክፍል ማይክሮስኮፕ ሊያጣ ይችላል፤ አንድ የማያምን ሰው ግን አያጣም። የእኛዋ ክብርት እትዬ «ሲጠፋ አሳዪኝ» ናቸው። ሌላው ሰው የፈለገውን ሲያገኝ ደስ ይለዋል። እሳቸው ሲጠፋ ካላዩ አያምኑም።

ባለቤታቸው አንድ ቀን «ሾርባሽ ግሩም ነው» ቢሏቸው፣ በማግስቱ ያለ ጨው ሠርተው አቀረቡላቸው። ምስኪኑ አሁንም «ግሩም ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ የባልየው ምስጋና እንደ ማስረጃ አይቆጠርም።

እኔ ሁለት ዓመት የደከምኩት በአንድ ፕሮቲን ላይ ነው። ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲል ይህ ፕሮቲን ፎስፌት የምትባል ቅንጣት ትለጠፍበታለች ባይ ነኝ። ምስክሬ አንቲቦዲ ነው፤ ፎስፌት ያለበትን ብቻ ለይቶ ይይዝና ወረቀት መሳይ ስስ ሽፋን ላይ ጥቁር መስመር ያሳያል። መስመሬን አገኘሁ። ለመመረቂያ ፈተናዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እየፈነጠዝኩ ለእትዬ አሳየኋቸው።

«አንቲቦዲሽ እንደማይዋሽ በምን አወቅሽ?»

«ሻጮቹ ማረጋገጫ ሰጥተዋል።»

«ሻጭ ዕቃዬ መጥፎ ነው ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የግማሹን ናሙና ፎስፌት በኢንዛይም አራግፊና፣ መስመሩ ሲጠፋ አሳዪኝ።»

እየተነጫነጭኩ ሠራሁት። ባዶ መሆን የነበረበት ቦታ ጥቁር ጥላ ተኝቶበታል፤ ፎስፌቱ የተራገፈው ናሙና ካልተራገፈው አይለይም። ለነገሩ ጥላው ቀድሞም ነበር፤ ሽፋኑን ፎቶ በማነሳበት ካሜራ አሳብቤ አልፌው ነው። ሁለት ዓመቴን ውሃ በላው አልኩ።

እትዬ ሽፋኑ የተዘፈዘፈበትን ሳህን አንስተው አሸተቱት።

«ምን ውስጥ ነው የዘፈዘፍሽው?»

«ወተት ውስጥ። አንቲቦዲው የትም እንዳይለጠፍ… ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል።»

«ወተት ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን የሞላው ነው እኮ፣ የኔ ልጅ! አንቲቦዲሽ ምን ያድርግ? ያገኘውን ያዘ።»

ወተቱን ደፋሁት። ሽፋኑን ፎስፌት በሌለው ሌላ ፕሮቲን ውስጥ ዘፍዝፌ ደገምኩ። በአንዱ በኩል ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር፣ በሌላው ምንም። ምንም! «ጠፋ!» ብዬ ስጮህ የጎረቤት ክፍል ሰዎች ምን ተሰረቀ ብለው መጡ። እትዬ «እንኳን ጠፋልሽ» ብለውኝ ወደ ሻያቸው ተመለሱ። እኔ የእጅ መታጠቢያው ሥር ቁጭ ብዬ እፎይ አልኩ።

ከፈተናው በፊት ያለውን ሳምንት እትዬ ፈቃድ ወጡ። ገለጻዬን ብለማመድ ክፍሉ በሙሉ «ግሩም ነው» አለኝ። ጨው የሌለው ሾርባ ትዝ አለኝ። የማምነው ሰው አጣሁ። በፈተናው ቀን መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳያቸው ነው ልቤ መለስ ያለው። ፈታኙም የጠየቀኝ ያንኑ ነው፤ አንቲቦዲው እንደማይዋሽ በምን አወቅሽ? ባዶውን ቦታ አሳየሁት። አለፍኩ።

ኮሪደር ላይ ጥምጥም ብዬባቸው፣ «እትዬ፣ እርስዎን ያመንኩት ሲጠፉ አይቼ ነው» አልኳቸው።

«አንዴ ብቻ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሦስት ጊዜ ካልተደገመ ማስረጃ አይሆንም።»

ይሄን ሙከራ እንኳ አልደግመውም።