የሚስቴ ቀይ ጠርሙሶች

ሚስቶቻችሁ ጓሮ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ትጠይቃላችሁ? እኔ አልጠይቅም ነበር። ወደ በርበራ የጭነት መኪና እነዳለሁ፤ ስመለስ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። በቃ።

ሚስቴ ጽጌ ባዮሎጂ ተምራለች። እዚህ ሀርጌሳ ግን ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ከችግኙ ገንዳ የቀዳችውን የቆየ ውሃ በባዶ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ሞላች፣ እንቁላል መትታ ጠብ ጠብ አደረገችበት፣ ከድና ፀሐይ ላይ ደረደረችው። ሁለት ሦስቴ በርበራ ተመላልሼ ስመጣ ቀልቷል። መቅላቱስ ይሁን፣ አረፋ ይዟል! እስቲ ፍረዱኝ፤ መጠጥ በተከለከለበት ከተማ፣ ያውም ሐበሻ በተከራየው ግቢ፣ ቀይ ነገር ቡልቅ ቡልቅ ሲል ማን ወይን አይደለም ብሎ ያምናል?

አከራያችን ሀጂ ዳውድ ጓሮ ገብተው አዩት፤ አላመኑም። ጅግጅጋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ የዚያን ቀን ባይሻል በወደድኩ። «አስተግፊሩላህ! በቤቴ መጠጥ ትጠምቃላችሁ? ፖሊስ እጠራለሁ!» አሉ።  ከቤት መውጣቱስ ግድ የለም፤ ጽጌን ቢያስሩብኝስ?

እሷ እቴ! እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ማስተማር ጀመረች። ባክቴሪያ ነው አለች፣ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ። ከምግቡ ኤሌክትሮን ይጎርፍበታል፤ ትርፉን የሚያራግፍበት ካጣ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ተሳፋሪ እየጫነ የማያወርድ ሚኒባስ በሉት። ስለዚህ አንዳንዴ ትርፉን ሃይድሮጅን ጋዝ አድርጎ ይለቀዋል። ሌላ አገር ከዚህ ነዳጅ ለማውጣት ይሞክራሉ፣ ፍሳሽም ያጣሩበታል አለች። እሷ የፈለገችው ለችግኝ ማዳበሪያ ነው።

ሀጂ «አሁን ደግሞ ቅመሱት ልትይኝ ነው?» ብለው ክዳኑን ከፈቱ። ኧረ ሽታው! የበሰበሰ እንቁላል ከሽንት ቤት ጋር። አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ፣ አስነጠሳቸው፣ ከዚያ ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ! ይህንንስ ማንም አይጠጣም!» እፎይ አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለኝ ግማት የለም።

ሊሄዱ ሲሉ ቆም አሉ። የሎሚ ዛፋቸው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ አስቸግሯቸዋል፤ አንዷን ጠርሙስ በሹክሹክታ ለመኑ። ጽጌ ሰጠቻቸው። በዋናው በር ልሸኛቸው ስነሳ፣ «አብደሃል? ጎረቤት ቢያየኝ ምን ይለኛል?» አሉኝ። ከዚያ ጠርሙሷን ሽርጣቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ በጓሮ ሾልከው ወጡ።