ጣራችንን የተሸከመው ላንድሮቨር

ታላቅ ሥራ በታላቅ ከተማ ብቻ ይሠራል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ወደ ሶዶ ይምጣና ግቢያችንን ይጎብኝ። በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ ሞተር ያለ ሳል፣ ያለ ማነጠስ፣ ጡት ጠግቦ እንደተኛ ሕፃን ድምፁ ለስልሶ ተነሥቷል። ለዚህ ድል የተከፈለው መሥዋዕትነት አንድ ቤት ብቻ ነው። ያውም የእኔ ቤት።

ቦሼ እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ ስላልረገጥኩ የማወራው ያየሁትን ብቻ ነው። የተማሩት ያላዩትንም ሪፖርት ያደርጋሉ፤ ያ የእነሱ ጸጋ ነው፣ አልቀናባቸውም።

ጊዜው ሁሉም በሽታ በግምገማ የሚድንበት ጊዜ ነበር። ላሟ ወተት ካነሰች ግምገማ፣ ቧንቧው ውኃ ካጣ ግምገማ። ባለቤቴ አቶ መልካሙ ዕድሜያቸውን በመንግሥት ንብረት ክፍል ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ፣ ከጨረታ አንድ ላንድሮቨር ገዙ። መኪናው መጣ። መጣ ስላችሁ በራሱ የመጣ እንዳይመስላችሁ። የሰፈር ጎረምሶች ገፍተው አመጡት። እሳቸው መሪውን ይዘው፣ በየደጁ ለቆመው ሰው እጃቸውን እያወዛወዙ ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው ቀርቶ «ባለመኪናው» ተባሉ። መኪናው ቤታችን ፊት ለፊት ቆመ፤ እንደቆመም ዓመታት አለፉ። ዝናብ እንዳይመታው ብለው የቤቱን ጣራ ወደ ፊት አስቀጠሉለት። የእኔ ጓዳ በክረምት ያፈሳል፤ ላንድሮቨሩን ግን አንዲት ጠብታ ነክታው አታውቅም።

እንዲህ ስንኖር ልጃችን ሰገነት ካገባችበት ከቦዲቲ ደወለች።

«እማዬ፣ ዘንድሮ ለጊፋታ አማቶቼን ይዤ እመጣለሁ።»

ጊፋታ የእኛ የወላይታዎች ዘመን መለወጫ ነው። በጊፋታ አማት ባልተመረገ ቤት የተቀበለች ሴት እስከሚቀጥለው ጊፋታ ቀና ብላ ገበያ አትሄድም። እኔ ደግሞ አንገቴን ለመድፋት አልተፈጠርኩም። ቤቱ ይታደስ አልኩ፤ ደቦ ተጠራ።

አሮጌው ምርጊት ተራገፈና ቤቱ እንደ ከሳ በሬ ጎን አጥንቱ ታየ። ለአዲሱ ምርጊት ጭቃ ተቦካ። ከዚያ የፊተኛው ምሰሶ ሥሩን ምስጥ ጨርሶት ተገኘ። የደቦው ሰዎች አግዳሚውን በትከሻቸው ደግፈው ምሰሶውን መዘዙት።

«የት እናሳርፈው?» አሉ እያቃሰቱ።

አቶ መልካሙ ዙሪያውን ተመለከቱ። ዐይናቸው ከላንድሮቨሩ ላይ አረፈ።

«እሱ ላይ አስቀምጡት! የእንግሊዝ ብረት ነው። ለዛሬ ብቻ።»

በአገራችን ስንቱ ነገር «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ እንደተቀመጠ የሚያውቅ ያውቃል። ጣራችን በላንድሮቨሩ አናት ላይ ዐረፈ።

ባለቤቴን ለሰው ሳወራ አንቱ እላቸዋለሁ። ፊት ለፊት ያልኳቸውን ግን እንዳለ ልንገራችሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ነገ በማለዳ ከእንጨት ተራ ምሰሶ በአህያ ጋሪ አስመጣ።»

«በአህያ?» ፊታቸው ቀላ። «ባለመኪና ሰው ምሰሶ በአህያ ጋሪ ሲያስገባ ሰው ምን ይላል?»

«ቤቱን አደሰ ይላላ።»

«ምሰሶው በላንድሮቨሩ ይመጣል። የምርጊቱም ጭድ ከቦዲቲ በላንድሮቨሩ ይመጣል።»

«ላንድሮቨሩ አይነሳማ።»

«ይነሳል። ይጠገናል።»

«ቢነሳስ? ጣራው በላዩ ነው።»

«ምሰሶው ሲመጣ ጣራው ይነሳለታል።»

«ምሰሶው በምን ይመጣል?»

«በላንድሮቨሩ ነው አልኩሽ እኮ፣ ቦሼ!»

ይህን የመሰለ ጥልቅ አሳብ ለመረዳት የተማረ ጭንቅላት ስላስፈለገ የወንድማቸው ልጅ ሀብታሙ ተጠራ። ሀብታሙ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነው። ምን የሚሠራ መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። መጣና መኪናውን ዞሮ፣ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና «ይህ በግለሰብ ጥረት የሚፈታ አይደለም፤ ቅንጅታዊ አሠራር ይጠይቃል» አለ። ወዲያው የላንድሮቨር ሞተር መልሶ ማቋቋሚያ ዐቢይ ኮሚቴ ተመሠረተ። ባለቤቴ ሰብሳቢ፣ እሱ ጸሐፊ፣ መካኒኩ አንጁሎ የቴክኒክ ክንፍ ሆኑ።

«እማማ ደግሞ የሴቶችን ተሳትፎ ይወክላሉ» አለ ሀብታሙ።

«ሥራዬ ምንድን ነው?»

«ምሳ።»

የመጀመሪያው ግምገማ ግቢያችን ውስጥ በእንጨት ወንበር ላይ ተካሄደ። ሀብታሙ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የሞተሩ ማነቆዎች የአመለካከት፣ የክህሎትና የግብዓት ናቸው።»

«ካንዴላው ቆሽሿል» አለ አንጁሎ።

«እሱ በግብዓት ሥር ይካተታል።»

«ካርቡራተሩም ተደፍኗል።»

«እሱ አመለካከት ነው።»

አንጁሎ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ነገር ግን ብልጥ ሰው ነው፤ «የቴክኒክ ክንፍ» ተብሎ ሲጠራ ደረቱ እየሰፋ ሄደ። ሳይቆይ እሱም ጠመንዣ እንደሚያነጣጥር ሰው አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ የመፍቻውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ «ተነሳሽነት ይጎድላታል» ማለት ጀመረ።

«እጅህን ጨምረህ ብትፈታውስ?» አልኩት።

«እናቴ፣ አይቸኩልም። ሞተር ሕዝብ ነው፤ ቀስ ብለህ ታሳምናለህ» አለኝ። አንጁሎ በአማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ለእኔም ለሞተሩም እንደመጣለት ነው።

ግብዓት ማሰባሰቡ ተጀመረ። ግብዓት ማለት የእኔ ዕቃ ማለት ነው። ቡላ የማጣራበት ጨርቅ ለቤንዚን ማጣሪያ ሄደ። የድስቴ ክዳን ተቀጥቅጦ ለማርሚታው መጣፊያ ሆነ። ልብስ የማሰጣበት ሽቦ የት እንደገባ ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩት። ሁሉም ሲወሰድ «ለጊዜው» ተብሎ ነው። እኔም ቤቱን ባነሣሁ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር።

«ቤቱስ?»

«እማማ፣ ቤቱ ከአጀንዳ ውጪ ነው።»

የደቦው ሰዎችም እየመጡ ይቀመጡ ነበር። ጭድ በመኪናው ይመጣል ሲባሉ ይጠብቃሉ፣ ሲጠብቁ ይርባቸዋል፣ ሲርባቸው እኔ ተሳትፎዬን አቀርባለሁ፤ በልተው ይሄዳሉ። የተቦካው ጭቃ ውስጥ እንቁራሪት ገባች። ዳሞታ ተራራ ጉሙን በለቀቀ ቁጥር ነፋሱ በተራገፈው ግድግዳ ገብቶ አልጋዬ ላይ ይተኛል።

ነገር ግን ከእውነት አልሸሽም፤ ሞተሩ ተነሣ። መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ተፋና ዶሮዎቼን እስከ ጎረቤት አሰደደ። ከዚያ ሳለ። ከዚያ አነጠሰ። አንጁሎ መፍቻውን ጆሮው ላይ አድርጎ አንዷን ብሎን ጸጉር በሚያህል መጠን ወዲህና ወዲያ ሲያዞር ከረመ። በመጨረሻ ድምፁ እየለሰለሰ፣ እየተስተካከለ መጣ። አንጁሎ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ። የውኃው ፊት አልተሸበሸበም። አቶ መልካሙ አለቀሱ። እውነቱን ለመናገር እኔም አጨበጨብኩ።

«በሉ እንግዲህ ይሂድና ምሰሶውን ያምጣ» አልኩ።

ሀብታሙ እንደ ሕፃን አየኝና ፈገግ አለ።

«እማማ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ግብ ሞተሩ ያለ እንከን እንዲነሳ ነው። መንቀሳቀስ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው።»

በዚህ መሠረት ሞተሩ በየማለዳው ቆሞ መሥራት ጀመረ። ከቤሌ ከተማ ለልምድ ልውውጥ መጡ፤ ከገሱባ መጡ። ሱፍ የለበሱ ሰዎች በዝምታ ከበው፣ ጆሯቸውን አዘንብለው፣ አንድ ቦታ የቆመ መኪና ሲሠራ ሰምተው አጨበጨቡ። ከእነሱ መካከል «የት ደረሰ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ጊፋታ ሲቃረብ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ሰው መጡ፤ አቶ ሐብተማርያም ይባላሉ። ብርጭቆውን አዩ፣ ሞተሩን ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ድንቅ ነው። በሉ ገብተን ትንሽ እንዙርበት።»

ባለቤቴ ሀብታሙን አዩ። ሀብታሙ አንጁሎን አየ። አንጁሎ ጫማውን አየ። ትልቅ ሰው እንዙር ሲል «አይቻልም» የሚል አፍ በዚያ ኮሚቴ ውስጥ አልተመደበም ነበር። እኔ ግን ተሳትፎ ነኝና ተሳተፍኩ።

«ጌታዬ፣ የቤቴ ጣራ ያረፈው መኪናው ላይ ነው። ከሄደ ይወርዳል።»

አቶ ሐብተማርያም ወደ ሀብታሙ ዞሩ። «የምን ጣራ ነው?»

«ችግሩ ተለይቶ በዕቅድ ተይዟል፣ ጌታዬ።»

«በዕቅድ ከተያዘማ ምን ችግር አለ?» ብለው በሩን ከፍተው ገቡ።

ኮሚቴው ተከትሎ ተጫነ። አንጁሎ ማርሽ አስገባ። እኔ ለደቦው ሰዎች «ከሥሩ ውጡ!» ብዬ ጮህኩ፤ ዶሮዎቼ እንኳ ቀድመውኝ ወጥተዋል። ላንድሮቨሩ ቅቤ እንደተቀባ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ጣራው ትንሽ እንደማሰብ ብሎ ቆየና፣ የፊተኛው የኋለኛውን ይዞት ወረደ። ቆርቆሮው ሲከመር ድምፁ እስከ ገበያው ተሰምቷል።

በኋላ አንጁሎ እንደነገረኝ፣ አቶ ሐብተማርያም መኪናው ውስጥ ሆነው «ይሄ የምን ድምፅ ነው?» ብለው ነበር። ሀብታሙም «ሕዝቡ ነው ጌታዬ፣ ድጋፉን እየገለጸ» ብሏቸዋል። እሳቸውም በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡ።

ዞረው ተመለሱ። አቶ ሐብተማርያም ወርደው የቆርቆሮውን ክምር አዩት።

«ይሄስ?»

«የሁለተኛው ምዕራፍ የቦታ ዝግጅት ነው» አለ ሀብታሙ።

«ሞተሩ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለውም!» አሉና ንግግር አደረጉ። በንግግሩ ውስጥ ቤት የሚል ቃል አልነበረም።

እንግዲህ መኪናው ነፃ ወጥቷል፤ አሁንስ ምሰሶ ያመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ሀብታሙ አዲስ ዕቅድ ይዞ መጣ። ላንድሮቨሩ መጀመሪያ ቦዲቲ ለሕዝብ ይታያል፣ ቀጥሎ ቤሌ ይሄዳል፤ ምሰሶው ከዚያ በኋላ ይታያል።

ወደ ቆርቆሮው ክምር ሄድኩ። ፍራሼን አነሳሁ፣ ድስቶቼን አነሳሁ፣ ላንድሮቨሩ ውስጥ ገባሁና በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። አያፈስም፣ ነፋስ አያስገባም። ባለቤቴ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ሲንከባከቡት እንደኖሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ኮሚቴው በሙሉ የሞተር ማስነሻ ቁልፍ ይዞ መጣ። አቶ መልካሙ መስኮቱን አንኳኩ።

«ቦሼ፣ ውረጂ። ቦዲቲ እየጠበቁን ነው።»

«ሞተሩ ያለ እንከን ይነሳል?»

«ይነሳል!»

«በቃ ግቡ ተመቷል። መንቀሳቀስ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው።»

«ምን እስኪሆን?»

«ምሰሶዬ እስኪመጣ። እንጨት ተራ ታውቀዋለህ፤ አህያ ታውቃለህ።»

«በአህያ ሞቼ ነው!»

«እሺ፣ አማቶቻችን ሲመጡ የቆርቆሮው ክምር ላይ አስቀምጣቸው።»

መስኮቱን ዘጋሁ። እሳቸው ኩርፊያቸውን ይዘው ጎረቤት ዘንድ ሰነበቱ።

ጊፋታ ደረሰ። ሰገነት ከአማቶቿ ጋር የግቢው በር ላይ ስትቆም ክምሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ የኋላውን በር ከፈትኩ። ላንድሮቨር ከኋላው ፊት ለፊት የሚያስቀምጥ ወንበር አለው፤ ለአማት እንደተሠራ ነው። ሥጋው በዳጣ በርበሬ፣ የእንሰት ሙቿው በቅቤ ቀረበ። አማቶቻችን ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው በሉ። ባለቤቴ ግን አልነበሩም። በማለዳ አማቶቹ መንገድ ላይ ናቸው ሲባል ከጎረቤት ቤት ሹልክ ብለው ወጥተዋል አሉኝ።

«አቶ መልካሙ የት ሄዱ?» አሉ የሰገነት አማት።

«ለቤቱ ምሰሶ ሊያመጡ።»

«በምን?» አሉ የተቀመጡበትን መኪና ዙሪያውን እያዩ።

ይህን ሲሉ ነው ከታች ከመንገዱ የጎረቤት ልጆች ጩኸት የተሰማው። ብቅ ብዬ አየሁ። ባለመኪናው መጡ። በአህያ ጋሪ ላይ፣ አዲሱን ምሰሶ እንደ ፈረስ ተፈናጥጠው፣ ኮፍያቸውን እስከ ዐይናቸው ድረስ ደፍተው። ሰፈሩ ሁሉ በጊፋታ ልብሱ ደጅ ቆሞ ያያል። መጀመሪያ ሲመጡ እጃቸውን ያወዛውዙለት የነበረው ያው ሰው ነው። አሁን እሱ ነው የሚያወዛውዝላቸው።

አንጁሎ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጦ ሥጋ ይቆርጥ ነበር።

«አንጁሎ፣ ጣትህን ጥረግና ሞተሩን አስነሳው» አልኩት።

«የት ልንሄድ ነው፣ እናቴ?»

«የትም። አህያው ሲገባ በክብር እንቀበለው።»

አስነሳው። አንድ ጊዜ እንኳ አላነጠሰም።