የሕፃናት እንቅልፍ ሊቀ ጠበብት

ሕፃን ማስተኛት የማያውቅ ሰው ቢኖር የሕፃኑ ወላጅ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ያውቃል። ጫማ ጠጋኙ ያውቃል፤ ገና ያላገባው የቢሮ ባልደረባዬ እንኳ ያውቃል። የሁሉም የበላይ ግን ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ክቡር የሕፃናት እንቅልፍ ሊቀ ጠበብት፣ ጡረተኛው ጋሼ ናቸው።

ልጃችን ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ቀን ቀን እንደ ጨዋ ሰው ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ሲመሽ ይነቃል። ጋሼ በየቀኑ ከሰዓት በር ቆርቆር አድርገው ይገባሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ አልጋው ላይ ጎንበስ ብለው ይመረምራሉ፣ ከዚያ ብይን ይሰጣሉ። "እኔ ስድስት አሳድጌአለሁ። አንዱም ሌሊት አልቅሶ አያውቅም።"

አንድ ቀን የግድግዳ ሰዓታችንን አስወረዱ፤ ድምፁ ነው አሉ ልጁን የሚረብሸው። በማግስቱ ሬዲዮናቸውን ተሸክመው መጡ፤ ለካ የሚረብሸው ጸጥታው ኖሯል። "ሰዓቱን መልሼ ልስቀለው ታዲያ?" ብላቸው "አንተ ልጅ፣ ነገር አታብዛ" አሉኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "በጀርባው አስተኙት፣ ቀን መጋረጃ ክፈቱ፣ ማታ መብራት ቀንሱና ብዙ አታጫውቱት፤ ቀንና ሌሊቱን እስኪለይ ጊዜ ስጡት" ብላናለች። ይህንኑ ብነግራቸው "ስንት አሳድጋለች?" ብለው ጠየቁኝ።

ስቄ ባለፍኩት ነበር። ግን ባለቤቴ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የወሊድ ፈቃዷም ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። ሐሙስ ዕለት ለልጁ የቫይታሚን ጠብታውን ሰጠችው። እንቅልፍ አጥታ ስለደነዘዘች፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግማ ልትሰጠው ስትል እጇን ያዝኳት። ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። "ለገዛ ልጄ እንዲህ የሆንኩ፣ ለሰው መድኃኒት እንዴት አድርጌ ልሰጥ ነው?" አለች። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።

በዚሁ መሀል ጋሼ ገቡ። ሾርባ የያዙት ባለቤታቸው እትዬ ከኋላ ተከትለዋቸዋል። ጋሼ የሚስቴን ዕንባ አይተው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና "እኔ ስድስት..." ብለው ጀመሩ።

"ምን አሳደግህ?" አሉ እትዬ፣ ሳህኑን ቁጭ አድርገው። "አርባ ዓመት ሙሉ የፋብሪካ ማታ ፈረቃ ነው የሠራኸው። ሌሊቱን ሲያለቅሱ አድረው፣ አንተ ጠዋት ስትገባ ደክሟቸው ተኝተው ታገኛቸዋለህ። ሲነቁ ደግሞ አንተን እንዳይቀሰቅሱህ ይዣቸው ውጭ ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ።"

ለካስ ሰውዬው አልዋሹም፤ እውነትም አንዱም ሌሊት ሲያለቅስ ሰምተው አያውቁም። ጫማቸውን አድርገው ቀስ ብለው ወረዱ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሻይ የሞላ ፔርሙስ ይዘው፣ ፈረቃ እንደሚገባ ሠራተኛ ቆመዋል። "እኔ እንደሆን ጡረታ ከወጣሁም ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም" አሉ። "ልጁን ስጡኝና ሄዳችሁ ተኙ።" ባለቤቴ ወተቷን በጡጦ አድርጋ አስቀመጠችላቸው። ጎኗ አልጋ ሲነካ እንቅልፍ ጣላት።

ስትነቃ ነግቷል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝታለች። ደንግጣ በባዶ እግሯ ወደ ሳሎን ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። ጋሼ ሶፋው ላይ ልጁን ታቅፈው ተቀምጠዋል። የሁለቱም ዓይን ፍጥጥ ብሏል።

"አልተኛም" አሉ በሹክሹክታ። "ያልሞከርኩት ነገር የለም።" ልጁን አስረክበው ሲነሱ ክንዳቸውን ይዤ ደገፍኳቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና "ከስድስቱም ጋር ብቻዋን እኮ ነበረች" አሉ።

በየማታው መጡ። ባለቤቴ ሰኞ እንቅልፏን ጠግባ ሥራ ገባች። ልጁም በአራተኛ ወሩ፣ የማንንም ምክር ሳይጠብቅ፣ በራሱ ጊዜ ሌሊት መተኛት ጀመረ። ጋሼ ግን አሁንም ሦስት ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ፤ ከተኛው ልጅ አጠገብ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ።

ትናንት ባለቤቴ "ከእንግዲህ ይረፉ ብለን እንንገራቸው እንዴ?" አለችኝ።

"ተዪ" አልኳት። "ሳሎን ውስጥ ሲያስሉ ካልሰማሁ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም።"