ሙታን በአካል የተጠሩበት ቁጥር

እኛ የገበያ ሰዎች ነን፤ ቁጥር ሲነግሩን ቶሎ ሚዛን ላይ እናወጣዋለን። አንድ ነጥብ ዘጠኝ ኪሎ ሽንኩርት ከአንድ ነጥብ አሥር ይበልጣል፣ አለቀ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቁጥር ግን ሚዛን አያውቅም። ነጥቧ አጥር ናት፤ ፊተኛው ቁጥር የሚለወጠው ፕሮግራሙ ከመሠረቱ ፈርሶ ሲሠራ ሲሆን፣ ኋለኛው ደግሞ አዲስ ነገር በተጨመረበት ቁጥር አንድ እያለ ይቆጥራል። ከዘጠኝ በኋላ አሥር ይመጣል። እናንተ ይህን ታውቁ ይሆናል። ግርማ አያውቅም ነበር።

ግርማ ከደብረ ሲና ብርድ ወርዶ ሸዋ ሮቢት የመሬት መሥሪያ ቤታችን የተመደበ፣ ላቡን ሲጠርግ የሚውል ደግ ሰው ነው። የገበሬው ይዞታ ኮምፒዩተር ውስጥ የገባው ያን ሰሞን ነበር። አንድ ቀን የፕሮግራሙን ሁለት ሲዲዎች፣ አንድ ነጥብ ዘጠኝንና አንድ ነጥብ አሥርን፣ አገላብጦ አየና፣ የጫኑብን አሮጌውን ነው ብሎ አሥሩን አጥፍቶ ዘጠኙን ጫነ። አጨበጨብንለት። በኢሕአዴግ ጊዜ ማጨብጨብ ከግምገማ ያድን ነበር።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ መጡ። ባላቸው ሰይድ ከሞተ በኋላ ማሳው በስማቸው ዞሯል፤ የሟች ወንድም ግን የእኔ ነው ብሎ በሬ አስገብቶበታል። ማስረጃ ይዘው ካልተመለሱ መሬቱ ሄደ ማለት ነው። ግርማ የሟቹን ስም ጻፈና ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። በትከሻው በኩል አየሁ፦ «ባለይዞታ ሰይድ። በአካል ይቅረብ።»

ሌሎች ሙታንን ፈለግን። በወባ የሞቱት ሽማግሌ አሉ። ጎርፍ የወሰደው ጎረቤቴ አለ። ሁሉም በአካል ይቅረቡ ይላል። በዚያ የቀትር ሐሩር፣ እውነቴን ነው፣ ሰውነቴን ብርድ ወረረው። ለካ አሥሩ ላይ የተጨመረው አዲስ ነገር «ሟች» የሚለው ቦታ ኖሯል። የሞተ ተጎዳ እንላለን እንጂ፣ ዘጠኙ ውስጥ ሰው የሚሞትበት ቦታ የለም።

እትዬ ዘይነባ ሲነገራቸው አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አለ ነው የሚለው?» አሉ።

«አለ ይላል፣ እትዬ።»

«የት?»

ግርማ አሥሩን መልሶ ጫነ። ሰይድ እንደገና ሞተ፤ ማሳው ወደ ሚስቱ ተመለሰ። ማስረጃው ታትሞ ማኅተም ተመታበት፣ እትዬ ዘይነባም አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ግርማ በንዴት የዘጠኙን ሲዲ ሊሰብረው በሁለት እጁ ያዘው።

«ተው ልጄ» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ሰው ያለበትን እንዴት ትሰብራለህ?»

ግርማ ሲዲውን መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት። ከዚያ ወዲህ ስንት ቁጥር መጣ፣ ስንት ኃላፊ ተቀየረ፤ ያንን መሳቢያ ላጽዳ ያለ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።