ዶን ኢላሪዮን ኮልኬ ሽማግሌውን ባትሪ የሻሩበት ዜና

ሽማግሌው ባትሪ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ ውርጭ ከብር ተራራው ሥር በተቀመጠችው ከተማ በፖቶሲ ጣራዎች ላይ በሠለጠነበት በወርኃ ሐምሌ፣ ባለ ሰማያዊው ታክሲ፣ ጽኑዐ ልብ፣ የዳገትና የቁልቁለት ጌታ ዶን ኢላሪዮን ኮልኬ ሴት ልጃቸውን ዴልፊናን ሊድሩ ተነሡ። ባትሪው ግን አርጅቶ፣ የመኪናዋ መብራት እንደ ጦም አዳሪ ዐይን ፈዝዞ፣ ቁልፍ በተጠመዘዘ ቁጥር ሞተሩ አንዴ አቃስቶ ዝም ይል ነበር። መካኒኩም ጎረቤቱም ይቀየር ቢሉ አሻፈረኝ አሉ፤ ከማዕድን ጉድጓድ ወጥተው መሪ በጨበጡበት ቀን የገዙት ነውና እንደ ልጅ ያዩት ነበር፤ ማታ ማታም ነቅለው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከምድጃው ዳር ያስተኙት ነበር።

በሠርጉ ዋዜማም ከደጃፋቸው ቆመው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ጎረቤቶቼ፣ ሽማግሌ አይጣልም። ይሞቃል፣ ይገፋል፣ ይነሣል። ነገ ልጄን ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት በዚሁ ነው። ክንድ ያላችሁ በጠዋት ኑልኝ።»

ሚስታቸው ዶኛ ሳቢናም በመስኮት ብቅ ብለው የአጸፋ ዐዋጅ አወጡ፦ «እኔ በብርድ ስንቀጠቀጥ ብርድ ልብሱን የሚለብሰው ባትሪው ነው። ነገ ልጄ መንገድ ላይ ከቀረች፣ ምድጃው ዳር የምትተኛው አንተ ነህ፣ ኢላሪዮን።»

በነጋም ጊዜ የመግፋት ሠራዊት ተሰበሰበ፤ ሳልቴኛ የሚባለውን ሥጋ የተሞላ ዳቦ የሚጋግሩት ዶኛ ኤውፍራሲያ ከነሽርጣቸው፣ ጡረተኛው ማዕድን ቆፋሪ ዶን ኔሜሲዮ ሳላቸው እየቀደማቸው፣ ከሠርጉ ሙዚቀኞች መካከል መለከተኞቹ፣ ማንም ያልጠራው ቢጫ ውሻም ከኋላ ተከተለ። ሙሽራይቱን አሳፍረው ቁልቁል ቢገፉ ሞተሩ ተነሣ፣ ሁሉም እልል አለ፤ ነገር ግን ከታች ከሜዳው ሲደርሱ የላማ መንጋ መንገዱን ዘጋ፤ መኪናዋም ቆመች፣ ሞተሩም ጠፋ።

ወእምዝ ሠራዊቱ ደርሶ ቢገፋ አልበቃ አለ። ያን ጊዜ ዴልፊና ቀሚሷን ሰብስባ፣ የኋላውን በር ክፍት ትታ ወርዳ ዐወጀች፦ «አባባ፣ አንተ መሪህን ያዝ። እኔ እገፋለሁ።» ነጭ ጓንቷን ከመኪናዋ ጀርባ አሳርፋ ብትገፋ ሞተሩ አጓራ፤ ዶን ኢላሪዮንም ብቆም ይጠፋብኛል ብለው ፈርተው፣ የኋላው በር ሲዘጋ ሰምተው ልጄ ገባች ብለው፣ ነዳጁን ረግጠው ዳገቱን ተመነጠቁ።

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሙሽራው ሴቬሮ አበባ ይዞ ቆሞ ነበር። በዚያ የቀሩት ሙዚቀኞች ከበሮ መቱ፤ ሴቬሮም እጅ ነሥቶ የኋላውን በር ቢከፍት ቢጫው ውሻ ወረደ። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ዶን ኢላሪዮን ግን ወደ ባዶው ወንበር ተመለከቱ።

ብዙም ሳይቆይ ዴልፊና፣ የቀሚሷ ጫፍ በግራሶ ጠቁሮ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ከሠራዊቱ ጋር እየሳቀች በሩጫ ደረሰች። አባትም ባርኔጣቸውን አውልቀው በደረጃው ላይ ዐወጁ፦ «ሰዎች፣ ተሳስቻለሁ። ባትሪው ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ልጄ፣ ባትሪውን ታቅፌ አንቺን መንገድ ላይ ጥዬሽ መጣሁ፤ ይቅር በይኝ።» ዴልፊናም ክንዳቸውን ይዛ ገባች።

በግብዣውም ላይ፣ እንደ አገሩ ልማድ ለቀለበቱ ወጪውን የሚችል አንድ አባት፣ ለኬኩም አንድ አባት ይቆማልና፣ ዶን ኔሜሲዮ ሳላቸውን ገትተው ተነሡ፦ «የባትሪው አባት ደግሞ እኔ ነኝ።» አዲስ ባትሪም አሸክመው አስመጡ፤ ለበረከት ቢራ ረጩበት፣ ባለ ቀለም ወረቀት በተኑበት፤ ዶን ኢላሪዮንም ከመኪናዋ ገጥመው ቁልፉን ቢነኩት ሞተሩ ወዲያው ዘመረ፤ እሳቸውም እንደ ሕፃን እየሳቁ ሚስታቸውን እጃቸውን ይዘው አስጨፈሩ፤ ጭፈራውም እስከ አደባባዩ ደረሰ።

ከተማ የገነቡ፣ ጠላት ያስገበሩ ነገሥታት ብዙ ናቸው፤ በገዛ ደስታቸው ቀን፣ በሕዝብ ፊት፣ ባርኔጣ አውልቀው ከልብ የተመለሱ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ የኢላሪዮን ስም ከብር ተራራው በላይ ከፍ ከፍ ይበል፤ ዳገት ይገዛላቸው፣ ውርጭም ይስገድላቸው።