ኳሷን የማያዩት ሰውዬ

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኳስ ወርዋሪ ኬለን ዘጠኝ ጊዜ መሬት ላይ ተደፋ። የነብራስካዋ ሃልቨርሰን ከተማ ሕዝብ በሙሉ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ልጁ ኳስ ይዞ ይፈዛል፣ እጁ አይፈታም። ያልተዋጠላቸው ኦሪን ቴስኪ ብቻ ናቸው። ኬለን የባለቤታቸው የወይዘሮ ላቮን የእህት ልጅ ልጅ ስለሆነና እሑድ እሑድ የተመታ ጎኑን ደግፎ ገበታቸው ላይ ስለሚቀመጥ ብቻ አይደለም። ኦሪን ልጁ ሲወድቅ አላዩትም። ኳሷንም አላዩም።

ስታዲየም ባለበት ከተማ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ሺህ ሰው ኳስ ተከትሎ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ፣ እሱ አጎንብሶ የወፍራም ጎረምሶችን ዳሌ ይመረምራል። በሃልቨርሰን ይህ ሹመት የሊቀ ጠበብት ኦሪን ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የጎተራና የጋራዥ በር ሲገጥሙ ኖረዋል። ሌባ ገባ ሲባሉ ስለ ሌባው አይጠይቁም፤ ማጠፊያውን አይተው ይመለሳሉ።

ኮሌጁ ከተሸነፈ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በተደረገው ቺሊ የሚባል የሥጋና የባቄላ ወጥ ራት ላይ፣ ኦሪን አምስት የቀረፋ ዳቦ ጎን ለጎን ደረደሩ። እነዚህ ጋሻ ጃግሬዎቹ ናቸው አሉ። ኳስ አይነኩም፣ ስማቸውንም እናታቸው ካልሆነች ማንም አይጠራውም። ሥራቸው አንድ ነው፤ ባላጋራን ገፍተው ከኋላቸው ለቆመው ወርዋሪ ሦስት ሰከንድ ማስገኘት። ኬለን የሚወረውረው በቀኙ ስለሆነ ጀርባው ወደ ግራ ነው። ስለዚህ የግራ ዳሩ ዳቦ የልጁ የጀርባ ዓይን ነው።

ቀጠሉም። ይህ ዳቦ ከላላ ወርዋሪው ጊዜ ያጣል። ጊዜ ካጣ፣ ኳስ ለመቀበል እስከ ሜዳው ጫፍ የሚሮጡት ልጆች የሚሮጡት ለጤናቸው ነው። ኳስ ታቅፎ የሚሮጠውም ገና ሳይነሳ ይታነቃል። ኳሷ ቶሎ ለባላጋራ ትሰጣለች፤ የኛ ተከላካዮች አንድ ጉንጭ ውሃ ሳይውጡ ሜዳ ይመለሳሉ፤ በመጨረሻው ሩብ ምላሳቸው ተጎልጉሎ ይወጣል። ያኔ እናንተ ተከላካዮቹን ትሰድባላችሁ።

የብረታ ብረት መደብር ባለቤቱ ጋርላንድ የግራውን ዳቦ አንስቶ ገመጠው።

“ላላ አልክ አይደል? ከቡድኑ አሰናበትኩልህ።”

ሊቀ ጠበብት ግን በቀልድ የሚመለሱ አይደሉም። በሟቹ ፖስተኛ ቀብር ላይ እንኳ ሬሳ ሣጥኑን የተሸከሙትን ስድስት ሰዎች በጥሞና ካዩ በኋላ፣ በግራ በኩል ከኋላ የያዘው ሰው የእግሩን አቋም በጣም እንዳጠበበ ለላቮን ሹክ ብለዋል። ላቮን በክርናቸው ጎሰሟቸው። ለአሰልጣኙ አሥራ ሰባት ደብዳቤ ጽፈዋል፤ መልሱ የኮሌጁ የግድግዳ ካላንደር ነበር።

ከዚያ ቡድኑ በገዛ ሜዳው ባደረገው ቀጣይ ጨዋታ በራላቸው። ለሃያ ሁለት ዓመት የሚቀመጡት ፀሐይ ዓይን በማይወጋበት በኩል፣ ከእንግዳው ቡድን መቀመጫ ጀርባ ነው። ከዚያ ሆነው የሩቅ ማሳያ መነጽራቸውን በግራ ዳሩ ልጅ በባሬት ላይ ተከሉ። ባሬት መቶ አርባ ኪሎ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አንድ እጁን መሬት ላይ ያኖራል። ቀጣዩ ሩጫ ከሆነ ወደፊት ለመገፍተር ክብደቱን ሁሉ እጁ ላይ ስለሚጥል የጣቱ አንጓ ይነጣል። ውርወራ ከሆነ ወደ ኋላ ለማፈግፈግ ስለሚዘጋጅ እጁ ሣሩን ዳሰስ ብቻ ያደርጋል፤ አንጓው አይነጣም።

ኦሪን ከደስታቸው ብዛት መቀመጥ አልቻሉም። “ውርወራ!” ብለው ጮኹ፤ ውርወራ ሆነ። “ሩጫ!” አሉ፤ ሩጫ ሆነ። ከሃያው አሥራ ዘጠኙን አወቁ። የአካባቢው ተመልካች አጨበጨበላቸው፤ ጋርላንድ ኮፍያውን አወለቀ። ኬለን ያን ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ተደፋ።

ነገሩን ያስተዋሉት ወይዘሮ ላቮን ናቸው፤ እሳቸው ሰው ነው የሚያዩት።

“ኦሪን፣ ያ የእንግዶቹ አሰልጣኝ ለምንድነው ዞር ዞር እያለ አንተን የሚያይህ?”

ሊቀ ጠበብት ያን ቀን ቺሊ አልወረደላቸውም።

እሑድ ኬለን ባሬትን ይዞ መጣ። ኦሪን ባሬትን ጓሮ ወስደው ሁሉንም ተናዘዙ።

“ጣትህ ያወራል፣ ልጄ።”

“ማን ሰማው?”

“እኔ። ከዚያ እኔ ደግሞ ለባላጋራ አወራሁ።”

ባሬት የገዛ እጁን እንደ ሰው እጅ ገልብጦ አየ። ሳምንቱን ሙሉ ለማረም ታገለ፤ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የለመደውን በስድስት ቀን መተው አልሆነለትም። ኬለን ደግሞ በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ እንደዚያው ከተደፋ ፉትቦል በቃኝ እንደሚል ለላቮን ነግሯቸዋል። ጎኑ ሳይሆን ልቡ ነው የደከመው።

ዛሬ ያ ጨዋታ ነው። ኦሪን አፋቸውን ዘግተው ሊውሉ ምለው ነበር የመጡት። ጨዋታው ሳይጀመር ግን የእንግዳው ቡድን አሰልጣኝ ደረጃውን ወጥቶ፣ ባርኔጣውን አንስቶ፣ ትኩስ የፖም ጭማቂ በእጃቸው አስያዛቸው።

“አቶ ቴስኪ እርስዎ ነዎት? ባለፈው እዚህ የመጣው አሰልጣኝ ወዳጄ ነው፤ ስለ እርስዎ ብዙ አጫውቶኛል። እባክዎ እንደ ባለፈው ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልን።”

እሱ ሲወርድ ኦሪን ጭማቂውን ለጋርላንድ አቀበሉ። በሰባ አንድ ዓመታቸው የተጣመመ በር ቀጥ ብሏል ብለው አያውቁም። ባሬት እጁን መሬት ላይ አኖረ። አንጓው አልነጣም።

“ሩጫ!” አሉ ኦሪን፤ ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰነጠቀ።

አሰልጣኙ እጁን አወናጨፈ፤ ተከላካዮቹ በሙሉ ወደ መሐል ተግተለተሉ። ኬለን ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቀረ፤ መንገድ እንደ ጠፋው ሰው ግራ ቀኙን አይቶ፣ ተዘጋጅቶ ወረወረ። ስታዲየሙ ሁሉ ብድግ አለ። ኦሪን ባሬትን እያዩ ስለ ነበር ኳሷ የት እንደ ደረሰች ከላቮን መጠየቅ ነበረባቸው።

አሁን በጨዋታው የፕሮግራም ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ እየሞከሩ ያሉት እውነትና ሐሰት በምን መጠን እንደሚደባለቅ ነው። ላቮን ወረቀቱን ጎንበስ ብለው አዩት።

“ሁለት ዋሽተህ ሦስተኛውን እውነት በል። ሁልጊዜ የሚዋሽ ሰው ወዲያው ይነቃበታል።”

አርባ ስድስት ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ሴት ይህን ሙያ ከየት እንዳመጡት ሊጠይቁ ኦሪን አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን የባሬት አንጓ ነጣ።